ከሮቶው ማማ ሥር

መምህር ክንፈሚካኤል የሞቱት ከኮሌጁ ቤተ ሙከራ ጀርባ፣ የውኃ ሮቶ ከነማማው ተንዶባቸው ነበር። ለቡሬ በፈረቃ የሚለቀቀው ውኃ ሮቶውን ሲሞላ ባደረበት ጧት፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ቀሩ። ሰው ሁሉ «ቀናቸው ነው» አለ።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ ግን ሰው ሲያለቅስ እንኳ እጁን የምታይ ሴት ናት። ከወዳደቀው የማማው ባሕር ዛፍ መካከል የደጋፊውን እንጨት ብሎን አንስታ አገላበጠችው። አልተሰበረም፤ በመፍቻ ተፈትቷል።

«የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህንኑ ማማ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን እንዲሠሩ ታዘው ነበር» አለ የቤተ ሙከራው ረዳት ናሁሰናይ። «የተማሪ ይታገሱን ፋይል ይዩት።»

አየችው። አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ደጋፊውን እንጨት አውጥቶ ሞክሯል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ማማው ይቆማል፤ ሲሞላ ይወድቃል።

«በእናቴ እኔ አይደለሁም!» አለ ይታገሱ፣ እጁ በካቴና ታስሮ። «የይለፍ ቃሉን ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል እኮ!» ነገሩ ካልጠራ ዕድሜውን እስር ቤት ሊፈጅ ነው።

ባንቺአየሁ የፕሮጀክት ጓደኛውን ህይወትን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«መምህርን የሚጠላ ነበር?»

«ፈተና ያሾለከ ሰው ነበረ መሰለኝ። ‹እስከ ሰኞ ራስህ ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ› ሲሉት በመስኮት ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነ አላየሁም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቤተ ሙከራ ሰበሰበቻቸውና ከሟቹ ቦርሳ ያገኘችውን የወረቀት ክምር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ሠላሳ ቡድን ሠርቶ ሠላሳውም ተሳስቷል። ውኃውንና ሮቶውን ሲያሰሉ የማማውን የራሱን ክብደት ረሱት። መምህሩ በቀይ አርመዋል፤ ሳይመልሱላቸው ግን ሞቱ። ይታገሱም ፋይሉ ላይ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሮ አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ ረስቷል። ደጋፊው በወጣበት በሃያኛው ሙከራ ላይ ግን የማማው የራሱ ክብደት ገብቷል። ገና ያልተማሩትን ነገር ማን አስገባው?»

«አንብቦ ይሆናል» አለ ናሁሰናይ።

«ሃያኛው ከተሠራ በኋላ ያስረከበው ወረቀት ላይም ስህተቱ አለ። አንብቦ ቢሆን ያርመው ነበር። እዚህ ካለነው ይህን ስሌት የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ፤ ፈተናውም በአንተ እጅ ነበር። እንደ እነሱ ተሳስተህ ብትሠራው እኮ ልጁ በአንተ ፋንታ ይታሰርልህ ነበር!»

«እንደ እነሱ ከተሳሳትሁ ኮምፒውተሩ ማማው አይወድቅም ይላል» አለ ናሁሰናይ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ዞረ። ይታገሱ አንጓውን እያሻሸ ወረቀቶቹን ተመለከተ።

«ለእኔ ስንት ሰጥተውኝ ነበር?»

ባንቺአየሁ ወረቀቱን ፈልጋ ሰጠችው። ዜሮ ነበር። ከሥሩ በቀይ፦ «ነገ ጧት እጄን ታጥቤ ስገባ ቢሮ ጠብቀኝ። አብረን እናርመዋለን።»

በካቴና ሲታሰር ያላለቀሰው ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።