ያልተነበበችው መስመር

«ቀጥሎስ ምን ይላል?» አለች የአክስቷ ልጅ፣ እጆቿ በሮዝ ሊጥ እንደተለወሱ።

ቱርቦ የማካሮን ዱቄቱን ፓኬት ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። መልሱን ግን ያዘገየው የጽሑፉ ማነስ አልነበረም፤ ቅናቷ ነው።

ቱርቦ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ፈተና ቀድማ ጨርሳ የምትወጣ፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የምትወርድ፣ ሻይ ሳይበርድ ጠጥታ ምላሷን የምታቃጥል ልጅ ናት። እናቷም ሳትቀር በዚሁ ስም መጥራት ጀምራለች። የአክስቷ ልጅ ደግሞ እናቷ ሌላ ከተማ ሥራ ስላገኘች ትምህርት ሲከፈት ከነሻንጣዋ እነሱ ቤት የገባች፣ በዕድሜ እኩያዋ፣ በረጋ አኳኋኗ ግን አያቷን የምታህል ናት። በመጣች በሳምንቷ የቱርቦ እናት ፎጣ ስታጥፍ አይታ «እጀ ወርቅ» አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሌላ ስም የላትም። ቱርቦ ተወልዳ ባደገችበት ቤት የእሷ እጅ የምንም ማዕድን ሆኖ አያውቅም።

ይሁን፣ ፎጣውን ትጠፍ። የሰፈሩን ኬክ ቤት ግን ቱርቦ ለማንም አትለቅም። ገና በእግሯ መሄድ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን እየለጠፈች ያደገችበት ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ኬክ የሚላቸው የኬክ ቤቱ ባለቤት ለረጅሙ የትምህርት ዕረፍት አንድ ረዳት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ሁለቱም ልጆች አብረው እጅ አወጡ። እትዬ ኬክ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የማካሮን ዱቄት ፓኬት ሰጧቸው።

«ክሬሙን እኔ አስተምራለሁ፣ አበባ መሥራቱንም አስተምራለሁ» አሏቸው። «የተጻፈውን አንብባ፣ እንደተጻፈው የምትሠራ ልጅ ግን ከየት አመጣለሁ? ጋግራችሁ አምጡልኝ። የምወስደው አንዷን ነው።»

ቱርቦ ባለፈው ሳምንት፣ የአክስቷ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ስታጠና በዋለችበት ቀን፣ የራሷን ጋገረች። ማካሮን ማለት በመካከላቸው ክሬም የተቀባ ሁለት ትንንሽ ክብ ብስኩቶች ናቸው፤ ላያቸው ለስላሳ፣ ግርጌያቸው ዙሪያውን ዳንቴል መሳይ ጠርዝ ያወጣ መሆን አለበት። የቱርቦዎቹ ላያቸው ተሰነጣጠቀ። ፓኬቱ ከመጋገሩ በፊት ቆዩ ይላል፤ እሷ አልቆየችም። ደህና ደህናዎቹን መርጣ ስትወስድላቸው እትዬ ኬክ አንዱን ቀመሱና «ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ቸኩለሽበታል እንጂ። የእሷንም ልየውና እነግራችኋለሁ» አሏት። ስለዚህ የሚቀራት ተስፋ አንድ ነው፤ ዛሬ የአክስቷ ልጅ የምትጋግረውም እንዲሰነጠቅ።

የሚሰነጠቅ ግን አይመስልም ነበር። ሊጡ ሐር መስሏል፣ ከመጭመቂያው ከረጢት እየወጣ ትሪው ላይ የተኛው ክብ ሁሉ አንዱ ካንዱ አይለይም። ቅድም እናቷ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ከፀጉር ቤቷ፣ ማለትም ከፊተኛው ክፍል፣ ብቅ ብላ ትሪውን አየችና «እጀ ወርቅ ያልኩት በከንቱ ነው? ቱርቦዬ፣ እያየሽ ተማሪ» ብላ ሄዳለች። ቱርቦ በቅናት አንጀቷ አረረ።

«አንብቢልኝ እንጂ» አለች የአክስቷ ልጅ።

«ትሪውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አየሩን ማስወጣት።»

ልጅቷ መታ መታ አደረገች። ቱርቦ ቀጣዩን መስመር በዓይኗ አነበበችው፤ ላዩ ደርቆ ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይላል። በአፏ ያነበበችው ግን ከእሱ በታች ያለውን ነው።

«በጋለ ኦቨን ውስጥ መጋገር።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

መስመር መዝለሉ እንኳ ባልከፋ ነበር። «ወዲያው» የምትለዋ ቃል ግን ፓኬቱ ላይ የለችም፤ ከራሷ ሆድ የወጣች ናት።

ቤቱ ውስጥ ያለው ትሪ አንድ ብቻ በመሆኑ ከሊጡ ግማሹ ከረጢቱ ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ልጆች ኦቨኑ ፊት ቁጢጥ አሉ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ክብ መሃሉ ተተረተረ፤ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ሁሉም። ቱርቦ ደስ አላት። ደስታዋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች የአክስቷ ልጅ። «እንቁላሉን ስመታው አብዝቼው ይሆን?»

ቱርቦ ፓኬቱን ገልብጣ ያዘችው። እናቷ ሽታውን ተከትላ መጣችና ትሪውን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«ይኼ እንኳን የቱርቦ ሥራ ነው።»

«አይ፣ አክስቴ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቱርቦማ እያነበበች እያገዘችኝ ነው።»

«ታዲያ ምን አለበት፣ የኔ ልጅ? የማይሳሳት የለም» አለችና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጋ ተመለሰች።

ቱርቦ ጥርሷን ነከሰች። የእሷ የተሰነጠቀ ዕለት የሰማችው «ምናለ ትንሽ ብትረጊ!» የሚል ቁጣ ነው። ለዚህችኛዋ ማበላሸቱም ያስመሰግናታል።

የአክስቷ ልጅ ኩርሲው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲህ ቦታው ያንቺ ነው» አለች። «በጣም ፈልጌው ነበር።»

«ምን አጣሽ አንቺ? እዚህ ቤት ንግሥት ነሽ።»

«ንግሥት?» ልጅቷ ሳቅ እንደማለት አለች። «እናትሽ ‹እጀ ወርቅ› ባለችኝ ቁጥር እጄን ማሳረፍ እፈራለሁ። ያሳረፍኩት ዕለት ምን ብላ ልትጠራኝ ነው? ኬክ ቤቱን ባገኝ እንኳን ቀን ቀን ከእግሯ ሥር ዞር እላለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ሳህን ብትሰብሪ ትቆጣሻለች፣ ያልፋል። ልጇ ነሽ። እኔ ብሰብር ‹ምንም አይደለም› ነው የምትለኝ። ለእንግዳ እንደዚያ ነው የሚባለው።»

ቱርቦ ቁጣን እንደ ሀብት ቆጥራው አታውቅም። ቅናቱ ብን ብሎ አልጠፋም፤ እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው። ከጎኑ ግን እፍረት መጥቶ ተቀመጠ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ከበዳት።

ልጅቷ ተነሥታ ትሪውን አቀዘቀዘችው፣ አዲስ ወረቀት አነጠፈችበት። «ከሚደፋ ልጋግረውና ራሳችን እንበላዋለን» አለችና የቀረውን ሊጥ ጨመቀችው። መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ትሪውን በአንድ እጇ ይዛ የኦቨኑን በር ልትከፍት ሌላውን ዘረጋች።

«ቆይ፣ አታስገቢው» አለች ቱርቦ። «ቅድም አንድ መስመር ዘልያለሁ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት መድረቅ አለበት።»

«ውይ፣ ሳታዪው አለፍሽው?»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላታል። «አዎ፣ ሳላየው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ማንም አይቀየማትም፣ ማካሮኑም ይተርፋል። ቱርቦ ፓኬቱን ዘረጋችላት።

«አይቼው ነው።»

የአክስቷ ልጅ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን ጠረገች፣ ፓኬቱን ከቱርቦ ተቀበለችና መስመሩን ራሷ አነበበችው።

«ፎገርሽኝ ማለት ነው። ለምን?»

«ቀንቼ።»

የአክስቷ ልጅ ፓኬቱን አጥፋ አስቀመጠችው። «ቀሽም ነሽ» አለቻት።

«ነኝ።»

ልጅቷ ኩርሲዋን ወደ ትሪው ጎትታ ጀርባዋን ሰጠቻትና ሊጡ እስኪደርቅ መጠበቅ ጀመረች። ቱርቦ ትንሽ ቆመች። አጠገቧ ብትቀመጥ ደስ ባላት ነበር፤ ግን አልተጠራችም። እናቷ ደግሞ እስካሁን የመጀመሪያውን ያበላሸችው የአክስቷ ልጅ መስላታለች። ቱርቦ እግሯን እየጎተተች ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደች።

እናቷ በማድረቂያ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየነፋች ነበር፤ በአፏ የፀጉር መርፌዎች ነክሳለች።

«እማዬ፣ ማካሮኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አውቄ አሳስቻት ነው።»

እናቷ ፊቷን ቀና አድርጋ አየቻት። መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች፣ ማድረቂያውን አጠፋች።

«ምን አልሽ? በዚህ ጩኸት አልሰማሁሽም።»

ቱርቦ ጭጭ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ደንበኛዋም ጆሮዋን አቁማ እየሰማቻት፣ ያለችውን ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው።