አሥረኛው ዙር

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያዝናናው?» አለ የኮምፒውተር መምህሩ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጨዋታ ጉንዳኖች በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ስኳር ዕቃው ይጓዛሉ። በመንገዱ ዳር የተተከሉት ማማዎች ውኃ ይረጩባቸዋል።

ቻርጀር ጉሮሮውን ጠረገ። ስሙን የክፍሉ ልጆች ያወጡለት ቻርጀር ከእጁ ስለማይጠፋ ነው። «መንገዱን ጭራሽ መዝጋት አይቻልም፣ ቲቸር። ማማው አንዴ ከተተከለ በኋላ እጅ አጣጥፎ ማየት ብቻ ነው፤ ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው። ደግሞ አንዷ ጉንዳን ሁሌ ስኳሩ አፍ ላይ መድረስ አለባት። ሁሉም በቀላሉ ካለቁ ይሰለቻል፣ ሁሉም ካለፉ ያናድዳል።»

ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ጓደኛው ቀና አለች። ቃል በቃል የእሷ ንግግር ነው። ወሩን ሙሉ ከትምህርት በኋላ እሷ እየተጫወተች «እዚህ ጋ ሰለቸኝ»፣ «እዚህ ጋ ልቤ ቆመ» ስትል፣ እሱ እየሰማ ሲያስተካክል ነበር የከረሙት።

«ጎበዝ። ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«አዎ፣ ቲቸር» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ደጅ ጠበቀችው።

«ብቻዬን ነው አልክ?»

«ኮዱን ማን ጻፈው?»

«አንተ።»

«በቃ። አንቺማ ተጫወትሽ እንጂ ምን ሠራሽ? ከትምህርት ቤቱ ለጨዋታ ፈጠራ ውድድሩ የሚላከው ደግሞ አንድ ሰው ነው። አታካብጂ።»

መጫወቷ እውነት ነው። መጫወትም ሥራ መሆኑን በምን ቃል እንደሚያስረዱት አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ታቅፎ ቤታቸው መጣ። እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ እሷ አጠገቧ ተቀምጣ የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች።

«አሥረኛው ዙር አልጥም አለኝ፤ ምን እንደጎደለው እንጃ» አለ። «ውድድሩ ሰኞ ነው። አንዴ እዪልኝ፣ በናትሽ።»

መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰክታ ላፕቶፑን ተቀበለችው። ጉንዳኖቹ ተግተልትለው መጡ። ዙሩ ሳያልቅ ነገሩ ገባት፤ ሁሉም በአንዴ ስለሚመጡ ለማሰብ ፋታ የለም። ሌላም አየች። ኩርባው ላይ ያለው ማማ ከልክ በላይ በርትቷል፤ እሱን የተከለ ሰው ሌላ አያስፈልገውም። የሚመረጥ ነገር ከሌለ ደግሞ ምኑን ጨዋታ ሆነ።

«ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው መሰላችሁኮ» አለች እናቷ፣ ፔዳሉን ሳታቆም። «ጨዋታ አይደል እንዴ?»

«ጨዋታ ነው፣ እማዬ።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ እሱ ዞረች። «ሰኞ ዳኞቹ ማን ሞከረልህ ቢሉህስ?»

«እንግዲህ…» ስልኩን ነካካ። «እንደዛ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«ቢጠይቁስ?»

«ቲቸርን አንዴ ብቻዬን ነው ብዬዋለሁ። አሁን እንዴት ብዬ ልቀይረው? አንቺ ደግሞ።»

ዕንባ የሚመጣባት መስሏት ነበር፤ አልመጣም። የጉንዳኖቹን መንገድ አየችው። ወር ሙሉ ኖራበታለች። እሱን መጥላት ቀለላት፤ ጨዋታውን መጥላት ግን አቃታት።

«በየመሀሉ ፋታ ስጥ» አለችው። «የሚቀጥሉት ከመምጣታቸው በፊት ሰው ትንሽ ይፍራ።»

ቶሎ ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈው። «ይመችሽ። ሌላስ?»

ኩርባው ላይ ያለው ማማ አሁንም ውኃውን ያንዠቀዥቃል።

«ሌላም አለው።»

«ምንድነው?»

«ተጫወተው፣ ታገኘዋለህ።»

«እኔ? ጊዜ የት አለኝ?» ሳቅ አለ፤ እሷ አለመሳቋን ሲያይ ተወው። «ተቀየምሽኝ እንዴ?»

ላፕቶፑን ከድና ሰጠችው። እስከ በሩ ሸኘችው፤ ሰላምታው አጭር ነበር።

«ጭምት ልጅ ነው» አለች እናቷ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ነገም ይመጣል?»

ልጅቷ መርፌዋን ከሸሚዙ ላይ ነቀለች።

«ቢመጣ ሥራ ላይ ናት በዪልኝ።»