ያደረ መርዶ

«እንግዳ አንዴ ወዳየው አገር ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ መምህር ያየህ። ስድስተኛ ክፍል ተንጫጫ። አንዱ የፎገራን ወፎች፣ ሌላው የዋንዛዬን ፍል ውኃ ጠራ። አበረ ግን ወደ እማዋይሽ ዞሮ፣ «እሷን ይጠይቋት። ማዳም ኤሌኒ እነሱ ቤት ስታርፍ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው» አለ።

እማዋይሽ አንገቷን ደፋች። ወረታ ሁሉ፣ ግሪካዊቷ አገራችንን ወደደችው እያለ ይኩራራል። እማዋይሽ ግን ሴትዮዋ ለምን እንደምትመለስ ታውቃለች፤ ማወቋም እንቅልፍ ነሥቷታል።

ካቻምና በጥቅምት ማዳም ኤሌኒና ባሏ ሙሴ ኒኮላ ከአዲስ አበባ የመጡት ወፍ ለማየት ነበር። የፎገራ ሜዳ ገና ውኃ እንደተኛበት ሙሴ ኒኮላ ብቻውን በታንኳ ገባ፤ ታንኳዋ ተገልብጣ ተገኘች፣ እሱ ግን የለም። ሚስቱ አሥራ አንድ ቀን ጠብቃ ሄደች። ኅዳር ላይ ውኃው ሲሸሽ ከብት ጠባቂዎች አስከሬኑን ደንገል ውስጥ አገኙት። አንገቱ ላይ መስቀል ስለነበረው አባ ገብረ ኪዳን ፍትሐት አድርሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት። የሚስቱን አድራሻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ ስትመለስ የቤቱ ሰዎች ሊነግሯት አስበው ነበር። በአገሩ ወግ ግን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። እሷ ብቻዋን ናት። የእማዋይሽ እናት ጸሐይነሽ፣ ለከርሞ ወንድምዎን ይዘው ይምጡ ብላ መከረቻት። ዘንድሮም ብቻዋን መጣች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእነ እማዋይሽ ቤት ግን ባደረ ቁጥር እየደፈረሰ ሄደ።

ማዳም ኤሌኒ ያየው ሰው አለ ወይ ብላ በጠየቀች ቁጥር የለም ይሏታል። ገበታ ሲቀርብ አጠገቧ ለባሏ ቦታ ትተዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው ዳር ቆማ ስሙን ትጠራና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ትላለች። አብራት የምትቆመው እማዋይሽም ሳታውቀው ጆሮዋን ትጥላለች። አንድ ቀን የመለሰ መሰላት። በመቃብሩ በኩል ማለፍ ከተወች ቆይታለች፤ ሟቹ «ንገሪያት» የሚላት ይመስላታል። ፈርታለች፤ ከፍርሃቷ ግን ኀፍረቷ ይብሳል።

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማዳም ኤሌኒ በረንዳው ላይ ጠበቀቻት።

«ቤቴን ሸጬ እዚህ ልኖር ነው። ሲመጣ እንዳያጣኝ» አለቻት።

እማዋይሽ በቀጥታ ወደ እናቷ ገብታ፣ እንንገራት አለች። እናቷ የተለመደውን መለሰች፤ ዘመድ በሌለበት ማን ይደግፋታል?

«እኔ። እኔ ዘመድ እሆናታለሁ። ነገ ጧት ይነገራት።»

 ጸሐይነሽ ወደ አባ ገብረ ኪዳንና ወደ ጎረቤት ላከች።

ጎሕ ሲቀድ አባ ገብረ ኪዳን ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ መጡ። ማዳም ኤሌኒ በሩን ከፍታ አየቻቸው። የአገሩን ለቅሶ ከዚህ ቀደም አይታለችና ማንም ሳይናገር ገባት። ልትወድቅ ስትል እማዋይሽ ደግፋ ያዘቻት። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ፤ ለቅሷቸውም የእውነት ነበር።

እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል፣ «መቼ አገኛችሁት?» አለች።

 ጸሐይነሽ ልጇን በዓይኗ ለመነቻት። «ትናንት» ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ማንም አያፍርም፣ እንግዳቸውም አትቀየማቸውም።

«ካቻምና፣ በኅዳር። የተቀበረውም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው» አለች እማዋይሽ።

ማዳም ኤሌኒ ክንዷን ከእማዋይሽ እጅ መነጨቀች። ማንንም ሳታይ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ብቻዋን ጀመረች፤ ጥቂት እንደሄደች ተንገዳገደች። እማዋይሽ ሮጣ ደረሰችባት። አልነካቻትም፤ ብትወድቅ ልትይዛት በምትችልበት ርቀት አጠገቧ መራመድ ጀመረች።