አራቱ ይሉኝተኛ ኮምፒውተሮች

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ምላሴ ይቆረጥ!

«ገመዱን ረግጠኸዋል፤ በቃ!» አሉ የኮምፒውተር አስተማሪው።

«እናቴ ትሙት ቲቸር፣ አልነካሁትም!» አለ ሽቦ።

ሽቦ ያሉት ገመድ ሲያይ እጁን ስለሚበላው ነው። አንዴ የትምህርት ቤቱን ደወል፣ ድምፁ የት እንደሚያድር ለማየት ፈታትቶት ተማሪው ሁሉ ያለ እረፍት ውሏል። ታዲያ ማን ይመነው?

በክፍሉ ውስጥ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች በገመድ ተያይዘው ክብ ሠርተዋል። አንድ ትልቅ ሥዕል ለአራት ተካፍለው ይስላሉ። መስመሮቹ እንዲገጥሙ እያንዳንዱ ከኋላው ካለው መልእክት ይቀበላል፤ ለቀጣዩም ይልካል። ወላጆች ሊያዩት ሊመጡ አንድ ሰዓት ቀርቷል፤ አራቱም ስክሪኖች ግን ባዶ ናቸው። ጭጭ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከኮምፒውተር ክበቡ ወጥተሃል» አሉ ቲቸር።

ሽቦ ቦርሳውን አነሳ። የሥዕሉን ፕሮግራም አብራው የጻፈችው ልጅ ከወንበሯ ዘለለች። ቁንጫ የሚሏትም ለዚሁ ነው፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም።

«ቲቸር፣ አንዴ! ገመዱ ቢነቀል ኖሮ ‹ግንኙነት ተቋርጧል› የሚል ጽሑፍ ይመጣ ነበር። እነዚህ እኮ አልተበላሹም፤ የሆነ ነገር እየጠበቁ ነው።»

«ምን?»

«እስቲ እንያቸው።»

እያንዳንዱ ፕሮግራም የቆመበትን መስመር አየች፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅም ሰሌዳው ላይ በቀስት ሣለች። ሁለተኛው አንደኛውን ይጠብቃል። ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ አራተኛው ሦስተኛውን። አንደኛውስ? አራተኛውን! ቀስቱ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ገጠመ።

«ኧረ ጉድ!» አለ ሽቦ፣ ንዴቱን ረስቶ። «በር ላይ ‹አንተ ቅደም፣ ኧረ በፍጹም አንተ ቅደም› የሚባባሉ ሽማግሌዎች ሆነዋል እኮ! እስከ ምጽአት አይገቡም።»

«እና ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?» አሉ ቲቸር። «ያው የሚነካካው ይታወቃል።» ሽቦ ቦርሳውን አንግቶ ወደ በሩ አመራ።

አንደኛው ኮምፒውተር መጀመሪያ መላክ፣ ከዚያ መቀበል ነበረበት። ቁንጫ መስመሩን ስታየው አወቀችው። ትናንት ከሰዓት «አራቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ያምራል» ብላ የአንደኛውን ቅደም ተከተል የገለበጠችው ራሷ ናት። ያውም ሳትሞክረው!

ሁለቱን መስመሮች ማቀያየር የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። ቀይራ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሽቦ ግን በሩ ጋ ደርሷል።

እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ። ትናንት እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ከዚያ መስመሮቹን አቀያየረች። አንደኛው ላከ፣ ሁለተኛው ተቀበለ፣ ሥዕሉም በአራቱም ስክሪኖች ላይ ግር ብሎ ወጣ። ቲቸር ሳቃቸው አመለጣቸው፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሶ ጣሪያ እስኪመታ ድረስ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ይቅርታ» አሉ ወደ በሩ ዞረው። «ቦርሳህን አስቀምጥ።»

ሽቦ ተመልሶ አጠገቧ ዘጭ አለ። «አንቺ ቁንጫ! ልታስበይኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

እሺ፣ ቁልፉ አልተበጠሰም፤ እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሳቁ ግን እውነት ነው።