የከፋለ ፈረሰኞች

ጠራቢው ከፋለ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ፀረ-ተባይ የሚሸት የአረቄ መለኪያ ነበር፤ የበሩ የብረት መወርወሪያም ከውስጥ ተዘግቷል። ሬሳው ሳይነሣ «ራሱን አጠፋ» የሚለው ወሬ ከላሊበላ ተራራው ላይ እስካለችው አሸተን ማርያም ወጣ። ወሬን ዳገት አይደክመውም።

ኢንስፔክተር ሰብሌ ስትደርስ ሚስቱ ሸጌ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ያለ ፍትሐት ሊቀብሩብኝ ነው! ከፋለ ራሱን አይገድልም!»

«የመስኮቱን ፍርግርግ ቆርጠን ነው የገባን» አሉ መምሬ ወልደ ኪዳን። «ከውስጥ የተዘጋን በር ምን እንበለው ልጄ? ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ትናንት ምን አለሽ?» ሰብሌ ሸጌን ጠየቀች።

«‹ካብሮ አደጎቼ አንዱ ንድፌን በስሙ ውጭ አገር ልኮታል፤ ነገ ሽማግሌ ፊት አወጣዋለሁ› አለኝ። ስሙን ግን አልነገረኝም።»

ከፋለ ጣት የሚያህሉ ፈረሰኛ ወታደሮች እየጠረበ የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይጫወት ነበር። አብረውት የሚጫወቱት ሁለት አብሮ አደጎቹ ናቸው፤ አስጎብኚው ኢያቄምና የሥዕል መምህሩ ታፈረ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሠራዊት ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቤታቸው ያኖራሉ።

«ጋላቢው ከፈረሱ ለምን አይወድቅም?» አለችው ኢያቄምን።

«ማግኔት ነው። ፈረሱ ጀርባ ላይ አንድ፣ ጋላቢው መቀመጫ ላይ አንድ። አያ ከፋለ የኔንና የታፈረን ገጽ አገላብጦ ነው የሚለጥፈው። የኔ ሰው በታፈረ ፈረስ ላይ አይቀመጥም፤ ይገፋዋል። ‹ከሃዲ እንዳይኖር ነው› ይል ነበር።»

ታፈረ በበኩሉ «ከፋለን ሰሞኑን ከፍቶት ነበር» አለ።

በሩ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ሰብሌ ወደ ውጭ ወጥታ በእጇ ስትዳብሰው፣ በመወርወሪያው ትክክል ካለ የምስማር ራስ ላይ ምስር የምታህል ማግኔት አገኘች። አንድ ገጿ ማጣበቂያ ይዟል። አንድ ሰው እዚህ ቆሞ የወዳጁን ጣር እየሰማ በር ዘግቷል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ከነሣጥናቸው ሰበሰበቻቸው። የኢያቄምን ጋላቢዎች በአንድነት ጨብጣ ከውጭ በኩል በሩ ላይ ጎተተቻቸው፤ ውስጥ ያለው መወርወሪያ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። መምሬ አማተቡ።

«መርዙን አጠጥቶ የወጣው ገዳይ እንዲህ ሲጎትት አንዷ ማግኔት ተነቅላ ምስማር ላይ ቀረች። ማጣበቂያ ያለበት ገጽ የጋላቢው ነው፤ ባዶው ወደ ፈረሱ ይዞራል።» ባዶውን ገጽ ወደ ኢያቄም ፈረስ አስጠጋች፤ ፈረሱ ገፋው። ወደ ታፈረ ፈረስ ስታስጠጋው እመር ብሎ ተጣበቀ።

«የኔ ጋላቢዎች አንድም አልጎደላቸው!» አለ ታፈረ።

«እስቲ በፈረሶቻቸው ላይ ያስቀምጧቸው።»

ዐሥራ አንዱ ተቀመጡ። ዐሥራ ሁለተኛውን ግን ፈረሱ እንቢ አለው፤ ታፈረ ቢጫነው ቢጫነው እየተንሸራተተ ወደቀ።

«ምትክ ማግኔት ገልብጠህ ለጥፈሃል» አለች ሰብሌ፣ አንቱታውን ትታ። «ከፋለ ሳይለጥፍ በፊት በፈረሱ ይሞክር ነበር። አንተ ቸኮልህ።»

«ስሜን ሽማግሌ ፊት ሊያጠፋው ነበር» አለ ታፈረ።

መምሬ አብሯቸው ወደመጣው ዲያቆን ዞረው «ደወሉን ደውል፤ ካህናቱን ለፍትሐት ጥራ» አሉ።

ደወሉ ሲሰማ፣ ከጠዋት ጀምሮ አጥር ጥግ ቆሞ ሲያንሾካሹክ የዋለው ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ገባ።

«አሁን መጣችሁ?» አለቻቸው ሸጌ።