አቧራን ያስቀረው ኩርባ

ይሄን ታሪክ አለማመን መብታችሁ ነው። እኔም ከሰው አፍ ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በሕልሜ አይደለም... በጨለማም አይደለም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ጭጋግ የወረደበት ደን ውስጥ፣ በገዛ እጃችን በቆፈርነው መንገድ ላይ።

ሥራችን የተራራ ብስክሌት መንገድ መሥራት ነው። ጫካ እንገባለን፣ ከተራራው አናት እስከ ግርጌው ጠባብ መንገድ እናወጣለን፣ ከዚያ ጓዛችንን ጭነን ወደ ሌላ ተራራ እንሄዳለን። ሦስት ነን። ታላቅ ወንድሜ አለቃችን ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገኝም እሱ ነው። ትንሿን የመቆፈሪያ ማሽን፣ ኤስካቫተሯን፣ የሚነዳውን ሰውዬ ደግሞ «ዝምታ» እንለዋለን፤ አፉ ስለማይዘጋ።

አራተኛችን አቧራ ነበር።

አቧራ ውሻ ነው። አንድ ጊዜ ነዳጅ ማደያ ቆመን ሳለ የመኪናችንን በር ክፍት አግኝቶ ዘሎ ገባ፤ አካፋዎቹ መሃል ተጠቅልሎ ተኛ፤ በቃ፣ በዚያው የእኛ ሆነ።

ቤቱ መንገድ ነው። ጠዋት ማሽኗ ሳትነሳ ቀድሞ ወጥቶ የትናንቱን ሥራ በአፍንጫው ይፈትሻል። አዲስ መንገድ በብስክሌት ስንሞክር ከፊት ከፊት ይሮጣል፤ ፍሬን ሲጢጥ ሲል ከኋላው ሰው እንደወደቀ ሳያይ ያውቃል፤ ተመልሶ መጥቶ የወደቀውን ሰው ፊት ይልሳል። ስንጓዝ አገጩ ጉልበቴ ላይ ነው። ዝናብ ሲይዘን አንድ ብርድ ልብስ ሥር ነን። ዝምታማ «አንተ ሚስት አጥተህ የቀረኸው በዚህ ውሻ ነው» ይለኝ ነበር።

እዚያ ደን ውስጥ ሥራው መጀመሪያ ላይ ሰተት ብሎ ሄደልን። ያስቸገረን አንድ ኩርባ ብቻ ነው።

ኩርባ ስንሠራ የውጭውን ጠርዝ በአፈር ከፍ እናደርግና እንጠቀጥቀዋለን፤ ብስክሌቱ እሱን ተደግፎ እንዲዞር። ያን ኩርባ ጠቅጥቀነው እናድራለን... ጠዋት ፈርሶ እናገኘዋለን።

ዝናብ አልነበረም።

ጎርፍ ቢሆን ከላይ ነው የሚሸረሽረው። ይሄ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ የተገፋ ነው። ከአፈሩ ሥር የተኛ ነገር ተነስቶ የሄደ ይመስል...

አቧራ ኩርባው ጋ ሲደርስ ይቆማል። አይጮህም፣ አያጉረመርምም። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ ይሳባል። የሚወደውን ብስኩት ከኩርባው ማዶ አስቀመጥኩለት። ብስኩቱን አየው... እኔን አየኝ... አልሄደም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ድንጋይ ስንደረድር ከታች ውሻ ጮኸ።

የአቧራ ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ሰበር የምትለዋን ሳይቀር አውቃታለሁ።

«ሂድ ጥራው» አለኝ ወንድሜ።

አቧራ እግሬ ሥር ነበር።

አፉ ዝግ ነው። ጆሮዎቹ ቆመዋል። ከታች ደግሞ ጮኸ... አቧራ ተነሳና ማሽኗ ሥር ገባ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለ ወንድሜ፣ አካፋውን ሳያስቀምጥ።

ማሚቶ እንዲመልስ መጀመሪያ የጮኸ መኖር አለበት። ይሄን ግን ማናችንም አልተናገርንም። ያን ቀን ዝምታ እንኳን እንደ ስሙ ሆነ።

በማግስቱ ወንድሜ ከደኑ ጥበቃ ጋር ለብቻቸው ገለል ብለው ሲያወሩ አየሁ። ጥበቃው ሽማግሌ ነው። እያወራ የሚያየው ወንድሜን አይደለም፤ አቧራን ነው። ምን አለህ ብዬ ወንድሜን ስጠይቀው፣ ስለ አየሩ ነው ያወራነው አለኝ።

ከዚያ የማሽኗ ዘይት አልቋልና ከተማ ወርደህ ግዛ ብሎ ላከኝ። አቧራን ይዤው ልሂድ ስል፣ ደክሞታል፣ ተወው ይረፍ አለኝ። ደስ አለኝ። ወንድሜ ለአቧራ ሲያስብለት አይቼ አላውቅም ነበር።

ስመለስ ከታች ሆኜ ሳየው ኩርባው ቆሟል፤ ከእሱ በላይ ያለውን ጭጋግ ውጦታል።

ጠርዙ ልስልስ ብሏል፤ በእጅ የተለሰነ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ወንድሜ ብቻውን ዕቃ ይጭናል። ሥራው እንዳለቀ፣ ዝምታም ማሽኗን በጭነት መኪናው ጭኖ ቀድሞን እንደሄደ፣ አቧራም ከእሱ ጋር እንደተሳፈረ ነገረኝ።

«ካለ እኔ አይሳፈርም እኮ» አልኩት።

«ዛሬ ተሳፈረ።»

ዓይኔን አላየኝም። ማሽኗ የምትሄድ ከሆነ ዘይቱ ለምን አስፈለገ ብዬ አሰብኩ... አልጠየቅኩም። ጎርሶ ያጎረሰህን ሰው በምን ዓይንህ ትጠረጥረዋለህ?

በነጋታው ጠዋት ማደያ ላይ ዝምታን ደረስንበት። ገና መኪናችን ሳይቆም የእሱን ጋቢና በዓይኔ እፈልጋለሁ። ዝምታ ሻዩን እንደያዘ መጣ፤ በመስኮቱ አጎንብሶ ጉልበቴን አየ።

«አቧራስ?» አለኝ።



ወደ ወንድሜ ዞርኩ። መሪውን እንደጨበጠ ፊት ለፊቱን ያያል።

«የት ነው?»

«ተው አሁን...»

«የት ነው ያለው?»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ጥበቃው፣ ነፍስ ያለው ነገር ካልተተወለት ያ ቦታ መንገድ አይይዝም ብሎታል። እኔ ከተማ ሳለሁ፣ ዝምታም ማሽኗን ሊጭን ሲወርድ፣ አቧራን ከኩርባው በላይ ካለው ዛፍ ጋር አስሮት ወረደ። ሌላ ምንም አላደረግኩም አለኝ፤ ያኛው ትንሽ ነገር ይመስል። ሥራውን ጥለን ብንሄድ ከእንግዲህ ማን ተራራ ይሰጠን ነበር አለኝ። ለአንተም ብዬ ነው አለኝ።

«ታገለህ?»

መሪውን ለቀቀ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«አልታገለም። ገመዱን ሳስር እጄን ላሰኝ።»

ደግሞም «ውሻ ነው እኮ» አለ።

ከመኪናው ውረድ አልኩት። በሕይወቴ አዝዤው አላውቅም። ወረደ።

ብቻዬን ነድቼ ተመለስኩ። ደኑ ስደርስ ነው እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሆነው። ጭጋጉ ዛፎቹን ከወገባቸው ቆርጧቸዋል። ወፍ የለም። ንፋስ የለም።

ገመዱን አገኘሁት።

አንዱ ጫፉ ከዛፉ ጋር እንደታሰረ ነው። በሌላው ጫፍ የአቧራ የአንገት ቀበቶ ተንጠልጥሏል... እንደተቆለፈ። አልተበጠሰም። የጥርስ ምልክት የለበትም። ደም የለም። ዛፉ ሥር ያለው መሬት አንድ ቦታ እንኳን አልተቧጨረም። ለማምለጥ የሞከረ ውሻ መሬት ይቧጥጣል...

ወይ አልሞከረም። ወይ እስክንመለስ ቁጭ ብሎ ጠብቆናል።

ጮክ ብዬ ተጣራሁ።

«አቧራ!»

ከታች ጮኸ። ያቺ ሰበር የምትለዋም አለች።

ሮጥኩ። ኩርባው ላይ አዳልጦኝ ጠርዙን በመዳፌ ተደገፍኩት።

ይሞቃል።

የተኛ እንስሳ ጎን እንደሚሞቀው... ለብ ያለ። እጄን ነጥቄ ወረድኩ።

ከኩርባው በታች መንገዱ ቀጥ ይላል። አቧራ መሃሉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ደኅና ነው። ምንም አልሆነም። ተንበረከኩ።

«አቧራዬ... እኔ ነኝ።»

ዞሮ አየኝ።

ውሻ መንገደኛን እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ? ጥላቻ የለውም። ቁጣም የለውም። የሚያልፍ ሰው ነው፤ ይለፍ። እንደዚያ አየኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ተነስቶ ራቅ አለ።

«ያሰረህ እኔ አይደለሁም» አልኩት። ለውሻ እያስረዳሁ አለቀስኩ። ወንድሜ ዋሽቶኝ ነው፣ ባውቅ ኖሮ አልሄድም ነበር... ሁሉንም ነገርኩት። ለእሱ ግን ማን እንዳሰረው ሳይሆን ማን እንዳልመጣለት ነው በልቡ የቀረው። ወንድሜ በአንድ ገመድ ሁለታችንንም እርስ በርስ ባዕድ አደረገን።

ከዚያ አቧራ አንገቱን ቀና አደረገ። ወደ መንገዱ ግርጌ፣ ወደ ጭጋጉ አየ።

ጭራው ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ በቀስታ... ከዚያ ወገቡ እስኪወዛወዝ ድረስ። ወደዚያ ሄደ፤ ትንሽ እንደሄደ ቆመና ቁጭ አለ።

ከፊቱ ማንም አልነበረም። መንገዱን ቁልጭ አድርጌ አየዋለሁ። ባዶ ነው።

ያኔ በጆሮዎቹ መሃል ያለው ፀጉር ተኛ።

ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ማጅራቱ... ቀስ ብሎ... እጅ እንደዳበሰው ተጭኖ ተኛ። ተመልሶ ቆመ። ደግሞ ከግንባሩ ጀምሮ ተኛ።

አቧራ ዓይኖቹን ጨፈነ።