የኢርሳ ገደል ሰዎች

ፀሐይ በደም ቀለበት በተከበበች ቀን፣ በታልዋን መንግሥት የዙፋኑ መብራት ሰም ሊያልቅ አሥራ አምስት ቀን ብቻ ቀረው። ያ መብራት ከጠፋ ድምፅ የሚበላው የጉም አውሬ ጋሙር ከተማዋን ይወራል። ሰሙ ደግሞ የሚገኘው ከኢርሳ ገደል ንቦች ብቻ ነው።

ንጉሡ ወጣቷን የቤተ መንግሥት ዘፋኝ ይትራን አስጠርተው፣ «የገደሉን ሰዎች ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሰሙን አምጪ» አሏት። እውነትም ስለ እነሱ አሥራ ሁለት ዘፈን አላት፤ እየሳቁ ገደል የሚወርዱ፣ ሞትን የሚንቁ፣ በገመድ ላይ «አለህ?» «አለሁ» እየተባባሉ የሚዋደዱ ጀግኖች ናቸው በዘፈኖቿ። አንዳቸውንም ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

«ሰሙ ከተማ ሳይገባ ዕረፍት አይኑረኝ» ብላ ማለች።

ከእልፍኝ ዘበኛው ከጎርዳ ጋር አምስት ቀን ተጉዛ ደረሰች። ስጦታ ብላ የያዘችው የብር ጸናጽል ነበር፤ እነሱን የቸገራቸው ገመድ ነው። የተቀበለቻት እማ ሰልዳ መዳፏ በገመድ የተላጠ አሮጊት ናት።

«እማ፣ ሲወርዱ የሚዘፍኑትን ልስማ።»

«የምን ዘፈን፣ ልጄ? ጉሙ ዓይን ይጋርዳል። ‹አለህ?› የምንለው ሞቶ እንደሆን ለማወቅ ነው። ሁለት ልጆቼ ሳይመልሱልኝ ቀርተው ሬሳቸውን ስቤያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትወርዳላችሁ?»

«ሜዳውን ንጉሡ ለአደን ከለሉት። የተረፈን ገደሉ ነው።»

ይትራ ከልቧ አፈረች።

በማግስቱ ለሰልዳ የቀረላት ልጅ ዴራም በገመድ ወረደ። ሰሙን ቆርጦ እንደጨረሰ ጋሙር የመቁረጡን ድምፅ ተከትሎ በጉሙ ውስጥ መጣበት። ሰልዳ ብትጠራው አውሬው ያገኘዋል፤ ዝም ብትል መቼ እንደምትስበው አታውቅም። ይትራ አውሬውን ከዴራም ልታርቅ ወደ ገደሉ ሌላኛው ጫፍ ሮጠች።

«አብደሻል?» አለ ጎርዳ ክንዷን ይዞ።

«እኔ በእነሱ ሞት ሲጨበጨብልኝ ኖሬያለሁ። ልቀቀኝ።»

ባላት ድምፅ ሁሉ ዘፈነች። አውሬው ዞረ፤ ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ጠጣው፤ ለጊዜው ጠግቦም ከጉሙ ጋር ተነነ። ከታች ዴራም «አለሁ፣ ሳቢኝ!» ሲል ተሰማ።

ሰሙ ከተማ ገብቶ መብራቱ ዳግም ደመቀ። ንጉሡ ሽልማቷን ሲጠይቋት፣ መናገር ያልቻለችው ይትራ አብራት የመጣችውን ሰልዳን እጇን ይዛ ወደ ዙፋኑ አቀረበቻት።

«ጃንሆይ፣ ሜዳውን ይስጡን» አለች ሰልዳ። «ሰሙንም ወታደሮችዎ ተራ ገብተው ያውጡ።»

ንጉሡ የዙፋኑን መብራት አይተው ፈቀዱ። የመጀመሪያው ተራ ለጎርዳ ደረሰ፤ እሱም አንድ ሳምንት ሙሉ አጉረመረመ።

ዛሬ በይትራ ዘፈኖች የሰሟቸውን ሰዎች ለማየት የሚመጡ እንግዶች ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከበሬው ጋር የሚጨቃጨቅ ገበሬ ያገኛሉ። ቅር ይላቸዋል። እዚያው ኑሮዋን ያደረገችው ይትራ አረሟን እየነቀለች ያለ ድምፅ ትስቅባቸዋለች።

«ጀግኖቹ የት አሉ?» ይላሉ።

«የሞቱትን ከሆነ እማዬ ትነግራችኋለች» ይላል ዴራም፤ «ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉ።»

እንግዶቹ ማሳው ዳር ይቀመጣሉ፤ ሰልዳም ከመጀመሪያ ልጇ ትጀምራለች።